ሰፈራችሁ አጠገብ ፋብሪካ ሊተከል ነው? ዶዘሩ ሳይገባ የሚሠሩ ሥራዎች

ይሄን የምጽፈው ቤታቸው አጠገብ የቆዳ ፋብሪካ ወይ ክሬሸር (ድንጋይ መፍጫ) ወይ አስፋልት ፕላንት ወይ የቆሻሻ መጣያ ሊመጣ ነው ሲባል ለሰሙ ሰዎች ነው። ገና ወሬ ብቻ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ለናንተ ነው፣ ምክንያቱም አጥር ታጥሮ፣ ማሽን ገብቶ፣ ሰው ተቀጥሮ፣ ባንክ ብድር ከለቀቀ በኋላ ማስነሳት በጣም ከባድ ነው፣ ሹሙም ዳኛውም ይሄን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው እንዴት ይነሳ ማለት ይጀምራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ብዙ ሰፈር የሚሸነፈው ሰው ስለማይቆጣ አይደለም፣ ቁጣማ ሞልቷል፣ የሚሸነፈው ቁጣው ወረቀት ላይ ስለማይወርድና ቀን ስለሚያልፍበት ነው። ስለዚህ ከታች ያለው አብዛኛው ስለ ወረቀትና ስለ ቀን ነው፣ ሊሰለቻችሁ ይችላል ግን ታገሱኝ።

1. ምን እንደሚመጣ በወረቀት እወቁ

"ፋብሪካ ነው አሉ" ተብሎ የትም አይደረስም። የምትሄዱባቸው ሦስት ቢሮዎች አሉ፣ የከተማው ወይም የወረዳው መሬት ጽ/ቤት፣ ኢንቨስትመንት ጽ/ቤት እና አካባቢ ጥበቃ ጽ/ቤት። መሬት ጋ የምትጠይቁት ቦታው በማን ስም፣ ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ እና በከተማው ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተቀመጠ ነው። መኖሪያ ወይም አረንጓዴ ተብሎ የተቀመጠ ቦታ ላይ ፋብሪካ ተፈቅዶ ካገኛችሁ ትልቅ ነገር አገኛችሁ ማለት ነው። ኢንቨስትመንት ጋ ደግሞ ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን የሥራ ዓይነት ጠይቁ፣ አንዳንዴ "መጋዘን" ተብሎ የተወራው ፈቃዱ ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል።

ዋናው ግን አካባቢ ጥበቃ ነው። በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት የአካባቢ ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም፣ የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮም ይሄ መኖሩን ሳያረጋግጥ ፈቃድ መስጠት የለበትም። ያለ ፈቃድ የጀመረ ወይም የሐሰት ጥናት ያቀረበ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል ይላል። ቅጣቱ ለባለሀብት ምንም አይደለም፣ ለናንተ ግን ጥቅሙ ሌላ ነው፣ የአካባቢ ፈቃድ ከሌለ ስህተቱ የባለሀብቱ ብቻ ሳይሆን ፈቃድ የሰጠው ቢሮም ስለሚሆን ቢሮው ራሱ መደንገጥ ይጀምራል።

ከዚያ የተፅዕኖ ግምገማ ጥናቱን ራሱን ጠይቁ፣ ማለትም ፕሮጀክቱ አካባቢው ላይ ምን እንደሚያደርስ የሚያሳየውን ሰነድ። ይሄ ልመና አይደለም፣ የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 15 ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል፣ በተለይ ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረሰብ አስተያየት ጥናቱ ውስጥ እንዲገባ ይላል። "ሚስጥር ነው" ከተባላችሁ በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ፣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው፣ ዝም ካሉ ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ትሄዳላችሁ፣ እዚያ አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ማንኛውንም ማመልከቻ ለኃላፊው በእጁ ሰጥታችሁ "እሺ አየዋለሁ" ተብላችሁ እንዳትወጡ። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ገቢ አስደርጉ፣ በእናንተ ኮፒ ላይ ቀንና ቁጥር ያለበት ማህተም ይረፍበት፣ ከዚያ ለሚመለከታቸው ሁሉ ግልባጭ አድርጉ። ቢሮው መልስ እንዲሰጥ ሕጉ ያስቀመጠው ቀን የሚቆጠረው ከዚያች ማህተም ነው። መቶ ጊዜ በቃል ብትመላለሱ ፍርድ ቤት ፊት አንድም ጊዜ አልሄዳችሁም ነው የሚባለው።

2. ጥናቱን አንብቡት፣ ከባድ ቢመስልም

ጥናቱን የሚያሠራው ባለሀብቱ ነው፣ ለአጥኚው የሚከፍለውም እሱ ነው፣ ይሄን ይዛችሁ አንብቡ። ሁሉንም ገጽ መረዳት አይጠበቅባችሁም። ሰፈር ውስጥ የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ሲቪል መሐንዲስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያ አይጠፋም፣ ቁጭ አድርጋችሁ አስነብቡ። የምትፈልጉት ይሄን ነው፦ ከመኖሪያ ቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከምንጭ ያለው ርቀት ስንት ተብሎ ተጻፈ፣ እናንተ በሜትር ስትለኩት ስንት ነው? ውሃ ከየት ይቀዳል፣ ፍሳሹ የት ይወርዳል? አማራጭ ቦታ ታይቷል ወይስ "ሌላ ቦታ አልተገኘም" ተብሎ በአንድ መስመር ታልፏል? የሌላ ከተማ ስም ወይም የሌላ ወንዝ ስም ጥናቱ ውስጥ ካገኛችሁ ደግሞ ከሌላ ፕሮጀክት የተገለበጠ ነው ማለት ነው፣ ያንን ገጽ ለብቻ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙት።

በጣም መታየት ያለበት ግን መጨረሻ ላይ የሚያያዘው የሕዝብ ውይይት ቃለ ጉባኤና የፊርማ ዝርዝር ነው። ስለ ሰላም ወይም ስለ ማዳበሪያ ተብሎ በተጠራ ስብሰባ የተፈረመ የስም መቆጣጠሪያ "ማኅበረሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል" ተብሎ ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ሰዎች ቤት ለቤት ሄዳችሁ ጠይቋቸው፣ የዚያን ቀን ስብሰባው ስለምን ነበር? ስለ ፋብሪካው አልተነገረንም ያለ ሰው በጽሑፍ አረጋግጦ ይፈርምላችሁ። የሞተ ሰው ወይም ሰፈሩን የለቀቀ ሰው ስም ካለ እሱንም መዝግቡ። ለወደፊቱ ደግሞ የትኛውም ስብሰባ ላይ ርዕሱ ከላይ ያልተጻፈበት ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፣ አበል ቢኖረውም አትፈርሙ።

3. ተደራጁ፣ ግን ሰፈራችሁን ሳትከፋፍሉ

አዲስ ማኅበር ከማቋቋም በፊት እድራችሁን ተጠቀሙ፣ ሰው የሚያምነው እዚያ ነው፣ መዝገብም ገንዘብ ያዥም ማህተምም አለው። እድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ በቃለ ጉባኤ ጥቂት ሰዎች ይምረጥ። ሲመረጥ ተናጋሪ ብቻ አትፈልጉ፣ ውሃ የሚቀዱ እናቶች፣ ከወንዙ በታች የሚያርስ ገበሬ፣ ወጣት፣ መዝገብ በደንብ የሚይዝ ሰው ይኑርበት። የፓርቲ ሰው ባይገባ ይሻላል፣ የየትኛውም ፓርቲ፣ ምክንያቱም ነገሩ ፖለቲካ ነው የሚል ስም ከተለጠፈበት ቢሮ ሁሉ በሩን ይዘጋባችኋል። ጉዳዩ ረዘም ያለ ከሆነና ራሳችሁን ችላችሁ መቆም ካስፈለጋችሁ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር ሆኖ መመዝገብ ይቻላል፣ ከድሮው ሕግ በጣም የቀለለ ነው።

ሥራ የሚለው ነገር ይመጣል። ባለሀብቱ ወጣቶችን ሰብስቦ እቀጥራችኋለሁ ይላል፣ ከዚያ የአንድ ቤት ልጅ ከእናቱ ጋር ይጣላል። ሥራ ያጣ ወጣት ሥራ በመፈለጉ ሆዳም ብላችሁ እንዳትሰድቡት፣ እሱም የሰፈራችሁ ሰው ነው። ይልቅ አብራችሁ ባለሀብቱን ጠይቁ፣ ስንት ሰው፣ በምን ሙያ፣ በስንት ደመወዝ፣ ቋሚ ነው ወይስ የግንባታው ጊዜ ብቻ፣ በጽሑፍ ይስጠን በሉ። በጽሑፍ የሚሰጥ ከሆነ ሁላችሁም አውቃችሁ ትወስናላችሁ፣ የማይሰጥ ከሆነ ወጣቶቹ ራሳቸው ያዩታል።

ምን እንደምትፈልጉም ቀድማችሁ ተስማሙ። ጭራሽ አይምጣ ነው? ከሰፈር ይራቅ ነው? ወይስ ማጣሪያ ሳይሠራ አይጀምር ነው? ሦስቱ የተለያየ ማመልከቻ ነው። ባለሀብቱ ጋ አንዱ ይሄን ሌላው ያን ይዞ ከሄደ አንድ ቦኖ ውሃ አስገብቶላችሁ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ነዋሪው ተስማማ ይባላል።

4. ከመምጣቱ በፊት ያለውን ነገር መዝግቡ

ይሄን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምለው ይሄን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ምንጩ ተበከለ ብላችሁ ስትከሱ "ድሮም እንደዚህ ነበር" ነው የሚሏችሁ፣ ድሮ እንዴት እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ከሌላችሁ አለቀ። ስለዚህ አሁኑኑ ምንጩን፣ ወንዙን፣ ጉድጓዱን አስመርምሩ። ናሙና ስትወስዱ ፋብሪካው ከሚመጣበት በላይና በታች ከሁለቱም ቦታ ይሁን፣ ምክንያቱም ልዩነቱ ነው ማስረጃ የሚሆነው፣ ከታች ብቻ የተወሰደ ቆሻሻ ውሃ ከየት እንደመጣ አያሳይም። ንጹሕ ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ራሱ ውሰዱ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የቀዳው ሰው ስም ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ፣ በረዶ ባለበት ሳጥን በዚያው ቀን ይድረስ። ከተቻለ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ባለበት ወይም ቢያንስ ሁለት ምስክር ባለበት ይቀዳ። ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ካለ የኬሚስትሪ ወይም የአካባቢ ሳይንስ ክፍሉን አናግሩ፣ ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ የሚፈልግ የማስተርስ ተማሪ አይጠፋም።

ምን ይመርመር ለሚለው በፋብሪካው ዓይነት ይለያያል። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚገቡት ትናንሽ ወንዞች ሲጠኑ ክሮሚየም ከቆዳ ፋብሪካ፣ ዚንክ ደግሞ ከብረት ፋብሪካ ፍሳሽ ጋር ተያይዞ ነው የተገኘው። ስለዚህ ቆዳ ከሆነ የሚመጣው ክሮሚየም አስመርምሩ፣ ዝም ብሎ "ውሃው ይመርመርልን" ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። ክሬሸር ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ነገሩ አቧራና ድምፅ ነው። ለድምፅ በአገራችን ደረጃ መኖሪያ ሰፈር ላይ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው ወሰኑ። የስልክ አፕ መጠቆሚያ እንጂ ማስረጃ አይሆንም፣ ግን መቼ መቼ እንደሚያልፍ ካወቃችሁ ባለሙያው በዚያ ሰዓት መጥቶ እንዲለካ ትጠይቃላችሁ። የቤታችሁን ግድግዳም ፎቶ አንሱ፣ በተለይ ድማሚት ሊፈነዳ ከሆነ፣ የዛሬው ስንጥቅ የዛሬ መሆኑ፣ የነገው የነገ መሆኑ እንዲታወቅ።

ከጀመረ በኋላ ደግሞ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ታየ ወይም ሸተተ፣ ማን አየ። ብዙ ቦታ ሰው የሚያማርረው ፍሳሽ በሌሊትና ዝናብ ሲዘንብ ይለቀቃል ብሎ ነው፣ ስለዚህ ተራ ገብታችሁ ሌሊትም ተመልከቱ፣ ቪዲዮ ስትቀርጹ ቦታው የሚታወቅበት ነገር ይግባበት። ግቢው ውስጥ ግን አትግቡ፣ ከአጥር ውጪ ቆማችሁ የሚታየው ይበቃል።

5. አቤቱታና ክስ፣ ቀኑን ቁጠሩ

መንገዱ ሁለት ነው። ፈቃዱን ራሱን ከተቃወማችሁ በአዋጅ 299/1995 አንቀጽ 17 ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቅሬታ ታቀርባላችሁ፣ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ብክለቱን ከተቃወማችሁ ደግሞ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 አለ፣ ይሄኛው በጣም ጠንካራ ነው። ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት ማለት ይችላል፣ ጉዳት ባደረሰው ላይ ብቻ ሳይሆን ሊያደርስ በሚችለውም ላይ። ማለትም ፋብሪካው ገና ሳይጀምር ይሠራል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ትችላላችሁ። 60 ቀን ካለፈ ይሄ በር ተዘጋ። ግድግዳ ላይ ያለ ካላንደር አምጡና ቀኑን ክበቡት፣ ከምር። አዋጆች ይሻሻላሉ፣ ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ቁጥሩና ቀኑ እየተሠራበት መሆኑን የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ከአዋጆቹ በላይ ደሞ ሕገ መንግሥቱ አለ፣ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት፣ አንቀጽ 92 ደግሞ በሚነካችሁ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችሁን የመስጠት መብት፣ ሁለቱንም ማመልከቻው ላይ ጥቀሱ።

ማንን እንደምትከሱ ተጠንቀቁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ የሚባል የባለሙያዎች ድርጅት በአቃቂ ወንዝ ብክለት ጉዳይ የፌዴራሉን አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ቁጥጥር አላደረገም ብሎ ከሶት ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ግን መከሰስ ያለበት የሚበክለው ነው እንጂ ባለሥልጣኑ አይደለም ብሎ ዘጋው። ያን ያህል አስፈላጊ ጉዳይ ፍሬ ነገሩ ሳይታይ መዘጋቱ እስካሁን ያሳዝነኛል። ስለዚህ ፋብሪካውን ራሱን በትክክለኛ የንግድ ምዝገባ ስሙ ተከሳሽ አድርጉ።

ከአካባቢ ሕጎቹ ውጪ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚታወቀው ሁከት ይወገድልኝ የሚባል ክስ አለ፣ ይዞታዬን የሚያውክ ነገር ይቁምልኝ ማለት ነው (አንቀጽ 1149፣ ሁከቱ ከተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ)። አንቀጽ 1225 ደግሞ ባለይዞታ ከጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል፣ ክሬሸር ላይ ለሚቀርብ ክስ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ከክሱ ጋር አብራችሁ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 154 የእግድ ማመልከቻ አስገቡ፣ ጉዳዩ ሲታይ ግንባታው እንዳያልቅባችሁ። ሁላችሁም በየግል መክሰስ የለባችሁም፣ በቁጥር 38 ተመሳሳይ ጥቅም ያላችሁ ሰዎች በፍርድ ቤቱ ፈቃድ በተወካይ መክሰስ ትችላላችሁ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል ለመክሰስ፣ ይጠይቅ፣ ጠበቃ የሌለው ደግሞ ሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው እንደ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጡ እዚያ ይሂድ።

6. ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ፈልጉ

ይሄ አጭር ነው። ፕሮጀክቱን ያበደረው የውጭ ተቋም ከሆነ የራሱ የቅሬታ በር አለው። የዓለም ባንክ ኢንስፔክሽን ፓነል አለ፣ ለግሉ ዘርፍ የሚያበድረው የባንኩ እህት ድርጅት አይኤፍሲ ደግሞ ካኦ የሚባል ቅሬታ ሰሚ አለው፣ በአማርኛ ብትጽፉም ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም። ለምሳሌ ለአዲስ አበባ ቆሻሻ የተሠራው የሰንዳፋ ቆሻሻ ማስወገጃ ላይ የፈረንሳይ ልማት ኤጀንሲ ብድር ነበረበት። የአበዳሪው ስም ብዙ ጊዜ ጥናቱ መግቢያ ላይ ወይም ግንባታው በር ላይ ባለው ታፔላ ይገኛል። ውጭ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ደብዳቤ በመከታተል ከገንዘብ በላይ ይጠቅማችኋል።

7. አደባባይ ስትወጡ

ሰላማዊ ሰልፍ መብት ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው የሚጠበቅባችሁ፣ ይሄንንም ገቢ አስደርጉ። ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባለበት ወይም ጸጥታው በተበላሸበት ቦታ ሰው አሰልፋችሁ አታስመቱ፣ ለሽማግሌዎችና ለሃይማኖት አባቶች ነግራችሁ እነሱ ኃላፊውን ያናግሩት። የማንም ንብረት አይነካ። አንድ መኪና መስታወቱ ከተሰበረ ከነገ ጀምሮ የሚወራው ስለ ምንጩ ሳይሆን ስለ መስታወቱ ነው፣ ኮሚቴውም ጣቢያ ነው የሚያድረው። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉም ያያችሁትንና ወረቀት ያላችሁን ብቻ፣ "ጉቦ በልቷል" የሚል ነገር ማስረጃ ከሌላችሁ አትጻፉ፣ በስም ማጥፋት ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

ሰንዳፋን ጠቅሼ ነበር፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ወደዚያ መሄድ የጀመረው በ2008 ነው፣ የአካባቢው ገበሬዎች በመጥፎ ጠረኑና በፍሳሹ ተማረው መኪናዎቹን አናስገባም አሉ፣ ወራት ሳይቆይ በዚያው ዓመት ቆመ። ገበሬዎቹ ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ቆሻሻው ግን ወደ ድሮው የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ ወደ ቆሼ ተመለሰ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ይሄ የሰንዳፋ ሰው ጥፋት አይደለም፣ የቆሻሻውን ነገር በሥርዓት ያልሠሩት ሰዎች ጉዳይ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ግን ከኛ ሰፈር ይነሳ ስትሉ የት ሊሄድ ነው የሚለውን አብራችሁ እንድትጠይቁ ነው። የሚወሰድበት ቦታ ያሉትን ሰዎች ፈልጋችሁ አግኙ፣ ሰነዳችሁን ስጧቸው፣ ከተቻለ ማመልከቻውን አብራችሁ ጻፉ። የተሻለ ቦታና የተሻለ አሠራር ምን እንደሆነ በማመልከቻችሁ ላይ ካስቀመጣችሁ ቢሮውም ልማት ተቃዋሚ ሊላችሁ አይችልም።

8. "ታግዷል" ስትባሉ

ወደ ቤት አትግቡ። ለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ላይ የሻኪሶ አካባቢ ሕዝብ ስለ ጤናው ተቃውሞ ካሰማ በኋላ በግንቦት 2010 የማዕድን ሚኒስቴሩ ፈቃዱን አገደ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው እንደገና ጀመረ። እገዳና ስረዛ ይለያያሉ። በቃል ወይም በስብሰባ ላይ "ቆሟል" ከተባለ የእገዳውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠይቁ፣ እስከመቼ እንደሆነና በምን ሁኔታ እንደሚነሳ ይጻፍበት፣ ሲነሳም ለእናንተ ቀድሞ እንዲነገራችሁ አሁኑኑ በማመልከቻ አስመዝግቡ። ስረዛ ከሆነ ደግሞ የመሬቱ ውል አብሮ መሰረዙን መሬት ጽ/ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ፣ ፈቃዱ ተሰርዞ መሬቱ እጁ ላይ ከቀረ በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል። በቅድመ ሁኔታ እንዲቀጥል ከተወሰነም ቅድመ ሁኔታዎቹን ኮፒ ወስዳችሁ፣ ማጣሪያው ይሠራ የተባለበትን ቀን ይዛችሁ፣ ያ ቀን ሲያልፍ በማግስቱ አዲስ አቤቱታ በብክለት ቁጥጥር አዋጁ አንቀጽ 11 ገቢ አስደርጉ፣ 30 ቀኑ እንደገና ይጀምራል። የሰነዱ አንድ ኮፒ እድሩ ጋ፣ ሌላው ከኮሚቴው ውጪ ያለ ሰው ቤት፣ ሦስተኛው ስካን ተደርጎ ስልክ ላይ ይቀመጥ።